የተመለጠው የጎመን መደብ

ዘመናይን ያገኟት ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ደብረ ኤልያስ፣ ከገዛ ደጃፏ ላይ፣ በግንባሯ ተደፍታ። ነጠላዋ ከአጥሩ እሾህ ተይዞ ቀርቷል።

ሞታለች አሉ። አልሞተችም። ትንፋሿ ግን ሊበጠስ እንደደረሰ ክር ሳስቷል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል።

ባሏ የሺዋስ መኪና እስኪመጣ አቅፏት "ዘመኔ፣ ዘመኔ" ይላል። ታላቅ እህቱ የብርጓል ደረቷን ትደቃለች።

"አበሏት! የወንድሜን ቤት ሊያፈርሱ መርዝ አበሏት!"

ሳጅን አበረን ያመጣችው ይህች ቃል ናት።

ሳጅኑ መጀመሪያ የደወለው ደብረ ማርቆስ፣ ለሚያክሟት ሐኪም ነው።

"መርዝ አይደለም" አሉት። "ደም ረግቶ ነው። ከእግሯ ተነሥቶ ሳንባዋ ገብቷል።"

"እንዲያ ከሆነማ የፖሊስ ጉዳይ አይደለም።"

"ቆይ፣ አትቸኩል። ሴትዮዋ ደሟ ውስጥ ያልተለመደ ፕሮቲን አለ። ካንሰር አይደለም፤ አድሮ ወደዚያ ሊሄድ ስለሚችል ነው የምንከታተላት። ያ ነገር ገና ካንሰር ሳይሆንም ደም ለመርጋት ያጋልጣል። ካቻምና እግሯ ላይ ረግቶባት፣ ከዚያ ወዲህ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ትውጣለች። ደህናም ነበረች። አሁን ግን ደሟ ኪኒኑን ቀምሶት የማያውቅ መስሏል። ለምን? ሳላውቅ መጠኑን ብጨምር ነገ ደም ይፈሳታል። ለጊዜው በመርፌ ይዘናታል። አንተ እሷ ቤት ያለውን ነገር ፈልግልኝ።"

ሳጅኑ ፈለገ።

ትራሷ ሥር በጨርቅ የታሰረ ቅጠል ተገኘ። ሰፈሩ ወዲያው አቶ እንዳላማው ላይ አፈጠጠ። ሥር የሚምስ፣ ቅጠል የሚበጥስ ሽማግሌ ነው።

"ምን ሰጧት?"

"ዳማከሴ ነዋ! ምች መታኝ ብላ። አንተስ ልጅ ሳለህ አላጠጣሁህም? ሞትክ?"

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። ቅጠሉን አሸተተው። ዳማከሴ ነው።

ቀጥሎ ባልየው ተጠረጠረ። ልጅ አልወለደችለትም፤ ሌላ ፈልጎ ይሆናል ተባለ።

"ኪኒኑን ማን ይሰጣታል?"

"እኔ። ማታ ማታ በእጄ ነው የማጎርሳት።"

"አንድ ቀን ሳትሰጣት ቀርተህ?"

የሺዋስ ቀና ብሎ አየው። "አንተ ሚስትህ እንዳትሞትብህ ፈርተህ ታውቃለህ?"

ኪኒኑ ሐኪም ቤት ተልኮ ታየ። ትክክለኛው ነው።

ሳጅኑ ግራ ገባው። "እሺ፣ ጾሙ ከገባ ወዲህ ምን ተለወጠ?"

"ምንም። እንዲያውም እህቴ እናት ሆነችላት። እኔ የአጎቴን ተዝካር ላወጣ ዲማ ስሄድ ማርቆስ ለክትትል የወሰደቻት እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ ጎመን ቀቅላ ታመጣላታለች። ውሃውንም ታጠጣታለች፣ ደም ያጠራል ብለዋል ሐኪሞቹ ብላ። አትንቀሳቀሽ ስለተባለችም በየምሽቱ አብረን የምንሄደውን መንገድ ተውነው።"

ሳጅን አበረ የብርጓል ቤት ውሃ ለመነ። ልጆቿ ከበው ሽሮ ይበላሉ። ከጓሮ የጎመኑ መደብ ተመልጧል፤ የቀረው አገዳ ብቻ ነው።

"ልጆቹ ጎመን አይወዱም?"

"ለበሽተኛዋ ይቅደም ብዬ ነው።" ጣሳውን አቀበለችው።

ወጥቶ ሐኪሙ ጋ ደወለ።

"ጎመን? በየቀኑ? ከነውሃው? የኪኒኑን ጉልበት የሚሰብረው እሱ አይደል! ተነግሯቸዋል እኮ! ፀደንያን ላቅርብልህ፣ ነርሷን።"

ፀደንያ ታስታውሳለች። ዘመናይ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ገብታ ነበር፤ ምክሩን የሰማችው አብራት የመጣችው ሴት ናት። ጾም ስለሆነ ጎመን እንዳታበዛ፣ ብዙ እንዳትቀመጥ፣ በእግሯ እንድትሄድ።

"ሌላው አስታማሚ 'ታዲያ ምን ትብላ?' ነው የሚለኝ። እሷ ግን 'ብታበዛውስ ምን ትሆናለች?' አለችኝ። ደሟ ይረጋል አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።"

ሳጅኑ ተመልሶ ከየብርጓል ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የሺዋስ በሩ ላይ ቆሟል።

"ወይዘሮ የብርጓል፣ ነርሷ የነገረችዎትን ለምን ገልብጠው ነገሯት?"

"ምን ነገረችኝ? እኔ መሃይም! ተሳስቼ ይሆናላ!"

"'ብታበዛው ምን ትሆናለች' ብለው የጠየቁትስ?"

ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ሰባት ወልጃለሁ" አለች። "ሰባት! በአራስነቴ ውሃ ቀድቻለሁ። ወገቤ ሲቆረጥ ማንም አላየኝም። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁህ አንተ እንኳ አንድ ቀን እህቴ ምን ሆንሽ አላልከኝም። እሷ ግን ብርቱካን ይገዛላታል! በየወሩ በመኪና ትሄዳለች! አመሻሽ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በደጄ ታልፋላችሁ። አገር ያያል። እኔ ወንፊት ይዤ አያለሁ።"

"ታማ እኮ ነው፣ እታለም" አለ የሺዋስ።

"እኔስ ጤነኛ መሆኔን ማን አወቀ?"

ጤነኛ በሀብታም ሲቀና አይተናል። በበሽተኛ፣ በኪኒኗና ባበጠ እግሯ የሚቀና አንጀት ግን፣ እግዜር ይጠብቅ፣ ከየቤቱ ስንት ተደብቆ ይኖር ይሆን?

ሐኪሙ ምክንያቱን አወቁ። የኪኒኑን መጠን አልጨመሩም፤ ጎመኑን አስቆሙ፣ መርፌው ቀጠለ። ከቀናት በኋላ ዘመናይ አልጋዋ ላይ ቀና አለች። የተፈጸመባትን ሲነግሯት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የብርጓል ፖሊስ ጣቢያ የገባች ዕለት ሳጅን አበረ እንደ ደንቡ የተያዘ ሰው የሚጠየቀውን ጠየቃት። ስም። ዕድሜ። ከዚያም ቀና ሳይል፦

"የሚያምዎት ነገር አለ?"

ቀና ብሎ አያት። እንባዋ በነጠላዋ ላይ ይወርዳል።

"እስቲ" አለች፣ "እስቲ ደግመህ ጠይቀኝ።"