አራት ጣት ከግርጌ

«የሰው ነገር አይቆረጥም ብዬሃለሁ። መስታወት ይቆረጣል፣ እንጨት ይቆረጣል፣ ካስፈለገ የእኔ ጣት ይቆረጣል፣ ሰው ያመጣው ነገር ግን አይቆረጥም፣» አሉ ጋሽ ታደለ፣ አንድ እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ አስገብተው ሌላኛውን እጅጌ እየፈለጉ።

«ያለን መስታወት አራት ጣት ያጥራላ፣» አልኩ። «ሥዕሏ ደግሞ ከታች በኩል ጥላሸት ብቻ ናት። ማን ያያታል?»

«እማማ ውዴ ያያሉ።»

«የእማማ ውዴን ዓይን እኮ ሞራ ጋርዶታል።»

«እንግዲያው ዳስሰው ያውቃሉ። ስማኝ፣ አንተ ጥላሸት የምትለው ላይ እናታቸው አሉ። ፎቶ ያልተነሱ ሴት ናቸው፣ መልካቸው ሌላ የትም የለም። እኔ ጎንደር ወርጄ ቅዳሜ ጠዋት መስታወት ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ እስከዚያ እንጨቱን ላግና ጠብቀኝ።»

«ቅዳሜ ጎንደር ግጥም አነባለሁ ብዬዎት አልነበር?»

«አንተ ባለቅኔ፣ ግጥም እንደ ወተት አይበላሽም፣ ሌላ ቀን ይነበባል፣» ብለው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። ሐሙስ ጠዋት ነበር፣ ነሐሴ፣ ደባርቅ በጉም ተሸፍና ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም።

ወዳጄ፣ ከዚህ በኋላ የምነግርህን ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ እስቅበት ነበር። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ለሹፌር እጇን የምትዘረጋዋን ሴት፣ ጨነቅ ካምፕ አጠገብ በቅሎ በሌለበት የሚሰማውን የበቅሎ ኮቴ፣ ሰው የሚያወራውን ሁሉ የብርድና የአረቄ ሥራ ነው እያልኩ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ጠበል ቦታ ሰው ሲጮህ እንኳ እኔ የምሰማው ለግጥም የሚሆን ቃል ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነበር። አንድም ቀን፣ እመነኝ፣ አንድም ቀን ጨለማ ፈርቼ አላውቅም። ይሄ የምነግርህ ደግሞ በጨለማ አልሆነም፣ ሌሊት ሆኖ ቢሆን ሕልም ነው ብዬ እገላገል ነበር።

የምሠራው ጋሽ ታደለ ፍሬም ቤት ነው። የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ለሆቴሎች የዋልያና የጭላዳ ሥዕል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከገጠር የሚመጣ አሮጌ የቅዱሳን ሥዕል እናስገባለን። የእማማ ውዴ ሥዕል በጨርቅ ላይ የተሳለች ነበረች፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሁለት መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተውላት፣ ከግርጌዋ ደግሞ እንደ ድሮው ሥርዓት ሥዕሏን ያሠራችው ሴት ተደፍታ፣ ከጎኗ በቀይ ቀለም «ተማኅፀነት በኪ»፣ በአንቺ ተማፀነች የሚል ተጽፎ፣ ስሟ ግን ተፍቆ። ያቺ ሴት የእማማ ውዴ እናት ናት። እማማ ውዴን ልጃቸው ባሕር ዳር ልትወስዳቸው ነበር፣ ቤታቸው ሊዘጋ ነው፣ ስለዚህ ሥዕሏን ፍልሰታ ሳይፈታ ለደብራቸው ሊሰጡ አሰቡ፣ ቄሱም ከአይጡና ከእርጥበቱ እንድትድን በመስታወት ትግባ አሏቸው። ለጋሽ ታደለ የነገሯቸው ይሄን ነው፣ «እኔ ብሄድም እናቴ እዚያው ሆና ትስገድልኝ።» ይሄን ጋሽ ታደለ ነግረውኛል። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽህም።

እና ቆረጥኳት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጥላሸት ናት ያልኩት ውሸቴን ነበር፣ በደንብ አይቻታለሁ። ወገቧ ታጥፏል፣ መዳፎቿ መሬቱ ላይ ተዘርግተዋል፣ ሠዓሊዎቻችን ለክፉ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚስሉለት፣ እሷ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ እንዲታዩላት ፊቷ ወደ እኛ ዞሮ ተስሏል፣ ጀርባዋ ላይ አንድ ጉብታ ነገር አለ፣ እሱን የሠዓሊው ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለች የተደፋች ሴት በየደብሩ አለች፣ ሥዕል ማለት ላይኛው ነው፣ ይቺ ማኅተም ናት አልኩ፣ ለራሴ ማስረዳት ደግሞ አያቅተኝም፣ ቃል የሚያሳድድ ሰው ለጥፋቱም ቃል አያጣም። ቦርሳዬ ተሰናድቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማስመሪያውን አስደገፍኩ፣ ምላጩን ሳብኩ፣ አሮጌ ጨርቅ ስለሆነ ድምፅ እንኳ አላወጣም።

ቁራጯን ፍቅፋቂ የምናጠራቅምበት ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። ከዚያ በኋላ ሥራዬን በሥርዓቱ ሠራሁ፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ሥዕሏ መስታወቱን ነክታ በእርጥበት እንዳትጣበቅ ዙሪያውን ቀጭን ካርቶን አነጠፍኩ፣ ጀርባውን ዘጋሁ፣ አቧራ እንዳይገባ ጠርዙን በወረቀት ለጠፍኩ። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ፍሬም የለኝም። ቀትር ላይ ጨርሼ ግድግዳ አስደግፌ ተቀመጥኩና ለቅዳሜ የማነበውን ግጥም መከለስ ጀመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ «ዱብ» አለ።

ጣሪያው ነው አልኩ። ትንሽ ቆየና እንደገና «ዱብ» አለ። እንጨት ሲደርቅ ይጮኻል፣ የሰሜን ሰው ሆነህ ይሄን ካላወቅህ ምን ታውቃለህ፣ ስለዚህ እንጨት ነው አልኩ። ግን እንጨት ሲጮኽ ይሰነጠቃል እንጂ አይወድቅም፣ ይሄ ለስለስ ያለ ነገር መሬት ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ደግሞ መሐሉ ላይ ያለው ዝምታ ሁልጊዜ እኩል ነው፣ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ቆሞ፣ አማትቦ፣ እንደገና ለመውደቅ የሚፈጅበትን ያህል። በሕማማት ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው ይሄን ዝምታ ያውቀዋል። እኔ አወቅሁት፣ አውቄም ብዕሬን አላስቀመጥኩም፣ ሦስት ስንኝ ጻፍኩ፣ በኋላ ሳየው ምንም ትርጉም የለውም።

ቀና ስል መስታወቱ ላይ፣ ከግርጌው፣ ትንፋሽ የመሰለ ነገር አየሁ። ብርድ ነው፣ ጉም ነው ብዬ ሄጄ በእጅጌዬ ጠረግሁት፣ አልጠፋም፣ ከውስጥ በኩል ነበር። ጀርባውን ፈታሁ፣ የለጠፍኩትን ወረቀት ቀደድኩ፣ መስታወቱን አወጣሁ፣ ውስጡ ደረቅ ነው፣ እንዲያውም አቧራ አለበት። መልሼ ገጠምኩት። ገጥሜ ሳልጨርስ ያ ትንፋሽ እዚያው ቦታ ነበር፣ የግንባር ያህል ክብ፣ ከግራና ከቀኝ ጣት የመሰሉ ጭረቶች፣ ከበላዩ ደግሞ አሁን ሌላ፣ በጣም ትንሽ፣ የእንቁላል ያህል። ያቺ ትንሿ ምን እንደሆነች ያን ቀን አልገባኝም።

ቁራጯን መልሼ ላስገባት አሰብኩ፣ ኮላና ከኋላ የሚደገፍ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው፣ ስፌቱ ቢታይም ይታይ። ቅርጫቱን ሳየው ባዶ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ትርፌ አረቄ ያወጣሉ፣ ፍቅፋቂውን ለእሳት ማያያዣ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፣ በጓሮ በኩል ሮጥኩ።

«እትዬ ትርፌ፣ ፍቅፋቂውን አነደዱት?»

«ታዲያ ልጸልይበት ኖሯል?» አሉ፣ ከማሰሮው ሥር ጎንበስ ብለው እየማገዱ። «ደግሞ ዛሬ ምን ጨምረህበት ነው? አንዲት ጨርቅ ነገር አልነድ ብላኝ ሦስት ክብሪት ጨረስኩ። ጭሷ ብቻ ዓይኔን አጠፋው፣ ይኸው እስካሁን እንባዬ ይፈሳል።»

«አለች? ትንሽ እንኳ?»

«በኋላ ነደደች። ምነው፣ ፍቅረኛህ የጻፈችልህ ናት እንዴ?»

አመዱን እንጨት ይዤ ቆሰቆስኩት፣ እሳቸው እየሳቁ አዩኝ፣ ኋላ ግን ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ተዉት።

ዓርብን ሙሉ በረንዳው ላይ ዋልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደስ አለኝ፣ ሌላ አያሰማማ፣ ግን ሲያባራ ድምፁ እዚያው ነበር፣ አንዴ እንኳ አልፈጠነም፣ አንዴ እንኳ አልዘገየም። የሚያስፈራ ነገር ቢሆን ኖሮ ትቼው እሮጥ ነበር፣ ወዳጄ፣ የሚያስፈራ አልነበረም፣ አንድ ሰው በትዕግሥት አንድ ነገር ሲለምን የምትሰማው ዓይነት ነው፣ የሚለመነው ደግሞ እዚያ የለም። ሲመሽ ጋሽ ታደለ ሲመጡ ምን እንደምል አዘጋጀሁ። ውሸቱን አሳምሬ ነው ያዘጋጀሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ታደለ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አቅፈው ገቡ፣ ሥዕሏን አዩ፣ ያቀፉትን ሳያስቀምጡ ጎንበስ ብለው ግርጌውን በጣታቸው ለኩ። አራት ጣት። ልናገር አፌን ስከፍት እማማ ውዴ በትራቸውን እያንኳኩ ገቡ፣ ነጠላቸው በካፊያው ርሷል።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ደረሰች?»

«ደርሳለች እማማ፣» አልኩ እኔ፣ ከጋሽ ታደለ ቀድሜ።

እንጨቱን ዳሰሱት፣ መስታወቱን ዳሰሱት፣ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ወረዱ፣ ግርጌው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እናቴስ?»

«እንጨቱ ሸፍኗቸው ነው እማማ፣» አልኩ። «ፍሬም ሲገባ ጠርዙ ከእንጨቱ ሥር ይገባል። አሉ።»

ይሄ በእኛ ሥራ እውነት የሆነ ነገር ነው፣ ሁልጊዜ ጠርዙ ትንሽ ይሸፈናል፣ ስለዚህ ማንም ያምነዋል። አመኑኝ። ቢጮኹብኝ፣ ቢረግሙኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እረሳው ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ደግ፣» አሉ። «እሷም ከሰው ፊት መቆም አትወድም ነበር። እንጨቱ ግን አይጫናትም?»

«አይጫናቸውም።»

«እኔም እኮ አለሁባት። ተወልጄ በስድስተኛ ወሬ ጉንፋን ሊገድለኝ ነበር አሉ። ልጄ ከተረፈች ሥዕልሽን አሠራለሁ ብላ ተሳለች፣ ተረፍኩ፣ እሷን ስትሰግድ እኔን አዝላኝ ሣሏት። ጀርባዋ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ያኔ «ዱብ» አለ። እማማ ውዴ ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አላውቅም፣ ጎንበስ ብለው መስታወቱን ከግርጌው ሳሙት፣ ቀና ሲሉ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ከንፈሩ እንደ ረጠበ ሰው። ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። ጊዜው ያ ነበር፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ እኔ ደግሞ የቃል ሰው ነኝ ባይ ነበርኩ።

«እማማ፣» አልኩ።

«ወይ ልጄ።»

«ዝናቡ እንዳያገኛት።»

«ምን በወጣት። አዝላታለሁ፣» አሉ፤ ሥዕሏን በጋቢ ጠቅልለን ጀርባቸው ላይ አሰርንላቸው፣ ጫፉን ደረታቸው ላይ ቋጠሩት፣ መርቀውኝ፣ እጄን ይዘው መርቀውኝ፣ በትራቸውን እያንኳኩ ወደ ጉሙ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ባሕር ዳር ሄጃለሁ፣ ቤታቸውን ጠይቄ ላገኘው እችል ነበር፣ አልጠየቅሁም። ደብሩም እግሬን እስከሚያመኝ ሩቅ አይደለም፣ አልረገጥኩትም። ያን ቀን ግን የበትራቸው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ፣ አለቀ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ፣ ቦርሳዬን አነሣሁ፣ የጎንደሩ አውቶቡስም ገና አልሄደም ነበር።

«ዱብ» አለ።

ሥዕሏ ያረፈችበት ግድግዳ ባዶ ነበር። ጋሽ ታደለ መስታወቱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ከገባሁ ጀምሮ ይሰማኛል፣» አሉ።

«ሥዕሏ እኮ ሄዳለች ጋሼ።»

«ሥዕሏ ሄዳለች። እናትየው አልሄዱም።»

«ምን ላድርግ?»

ካፖርታቸውን አላወለቁም ነበር፣ አንገቱን ወደ ላይ ገለበጡት፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ እማማን ላድርሳቸው አሉ፣ ልንገራቸው አልንገራቸው እዚያው ስሄድ አስባለሁ አሉ። ልከተላቸው ስል በመዳፋቸው ደረቴን ገፋ አደረጉኝ፣ በኃይል አይደለም።

«አንተ እዚህ ሁን፣» አሉ። «እናትየውን ብቻቸውን አትተዋቸው።»

ወጡ፣ በሩንም ከውጭ ሳብ አድርገው ዘጉት።