የቃየን እጅ

ሠዓሊው ከሸራው ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል፤ የተመታበት ዕቃ ግን የለም። በሩ አልተሰበረም። ትርፍ ቁልፍ የነበራት ተማሪው ብቻ ናትና አሥር አለቃው ካቴናውን አውጥቶ ተቻኩሏል። «ኧረ በእናታችሁ! እኔ መምህሬን እገድላለሁ?» ትላለች ልጅቷ እንባዋ እየወረደ።

መርማሪዋ ግን ቶሎ የምታምን ሴት አይደለችም፤ ለእሷ የሚያለቅስም የማያለቅስም እኩል ያጠራጥራል። ግድግዳውን ማየት ያዘች። ሟቹ የየዘመኑ ሠዓሊዎች ቃየን አቤልን ሲገድል እንዴት እንደሳሉት እየገለበጠ ሰቅሏል። በአንዱ ድንጋይ፣ በአንዱ ዱላ፣ በሌላው የአህያ መንጋጋ፣ በሌላው ዶማ ይዟል። ሸራው ላይ ያለው የመጨረሻው የሟቹ የራሱ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ቃየን በእጁ የያዘው ነገር ግን በቢላ ተፍቋል።

«ይሄኛውን ማን አይቶታል?»

«ማንም!» አለች ተማሪዋ። «ሳይጨርስ ለሰው አያሳይም፤ ጨርቅ ያለብሰዋል።»

«እኔማ የቀለሙ ሽታ ራሴን ስለሚያዞረኝ እዚህ ድርሽ አልልም» አለች ሚስቱ።

ፍሬም ሠሪው ታላቅ ወንድሙ አንድ ጣቱ የጎደለ እጁን ኪሱ ከቶ «ከሱቄ አልወጣሁም» አለ። ሦስቱም በጎን ይገራመማሉ።

«ለመሆኑ ቃየን ወንድሙን በምን ገደለው?» አለች መርማሪዋ ድንገት።

«በድንጋይ ነዋ!» አለች ሚስት።

«መጽሐፉ አይናገርም» አለች ተማሪ። «ሠዓሊው ሁሉ የመሰለውን ያስይዘዋል።»

«እኔ እንጃ፣ በመዶሻ መሰለኝ» አለ ወንድም።

መርማሪዋ ሁሉንም ሥዕሎቹ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ መዶሻ ፈልጉልኝ። መጽሐፉ አልጻፈው፣ እነዚህ ሁሉ ሠዓሊዎች አልሳሉት። ያለው እዚህ ብቻ ነው» ብላ የተፋቀው ላይ ጣቷን ቀሰረች። «ጫፉ ላይ የተረፈው ቀለም የእንጨት መዶሻ እጀታ ነው። ጨርቁን ያልገለጠ አያውቀውም። የፋቀውም የገደለበት ዕቃ ስለሆነ ነው። ቁልፍማ ምን ያደርጋል? ለወንድሙ ራሱ ከፍቶለታል። ጋሼ፣ መዶሻዎ የታለ?»

ወንድምየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«አዎ! የእኔን መልክ፣ የእኔን መዶሻ ሰጥቶ ቃየን አደረገኝ! የአባታችንን ቤት ጠቅልሎ የወሰደው እሱ፣ ገዳዩ እኔ?»

መርማሪዋ ክንዱን ይዛ ወደ ሸራው አስጠጋችው።

«መልካችሁ አንድ ስለሆነ ተሳስተዋል። ሥዕሉ ላይ የወደቀውን አቤልን ያስተውሉ፤ አመልካች ጣቱ ተቆርጧል።»

ሰውየው መጋዝ የቆረጠውን ጣቱን ከኪሱ አውጥቶ አየ፤ ደግሞ ሥዕሉን አየ። ወንድሙ ቃየን ያደረገው ራሱን፣ አቤል ያደረገው እሱን ነበር።

«ይቅርታ ሊለኝ ነበር እኮ!» አለና መሬት ላይ ዘጭ አለ። አሥር አለቃው ካቴናውን ይዞ ዞር ሲል፣ ሰውየው ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቀው ነበር።