የአስር ሰዓት ቃጭል

ዴኦሊንዳ አይብና ቀዝቃዛ ሥጋ የያዘውን ሰሃን ይዛ የጓሮውን ክፍል በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ አጎቷ ኡርባኖ ቶስቴ ያን እራት የሚበሉ ሰው አልነበሩም። ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ እንዳሉ አንገታቸው ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ዓይናቸው እንደተከፈተ ነው፤ ትራሳቸው እግራቸው ሥር ወድቋል። የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ስለነበሩ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ልባቸው ነው የሚል ነበር። የአውራጃው ሐኪም ግን የዓይናቸውን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ካየ በኋላ ትራሱን በጓንት አነሳና ፖሊስ ይጠራ አለ።

ዴኦሊንዳ የፈራችው ያን ጊዜ ነው። ከፖርቱጋሏ ቴርሴራ ደሴት ወደ ካሊፎርኒያ የመጣችው የእናቷን ወንድም ለማስታመም ነበር፤ ስድስት ዓመት ሆናት። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሉዚያ አያቷ ዘንድ ቀርታ፣ የምትመጣበት ወረቀት በኅዳር ሊያልቅ ቀጠሮ ተይዞለታል። በእናቷ በዴኦሊንዳ ላይ አንድ ክስ ከተከፈተ ግን ወረቀቱም አያልቅ፣ ልጅቷም አትመጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

መርማሪዋ ናታሊያ ቤተንኩር ስትደርስ ጸሐይ ገና አልጠለቀችም። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አጭር፣ የወንድ የእጅ ሰዓት የምታስር ሴት ናት። ሰው ስታነጋግር የሰውየውን ፊት ትታ ዕቃውን ታያለች፤ መሳቢያ ትከፍታለች፤ የድስት ክዳን ታነሳለች። ዴኦሊንዳን ወጥ ቤት አስቀምጣ በሕይወት እንደነበሩ ለመጨረሻ ጊዜ ያወቀችው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አስር ሰዓት ላይ» አለች ዴኦሊንዳ። «ቃጭሉን ሲደውሉ ሰማሁ።»

ናታሊያ የምን ቃጭል ብላ አልጠየቀችም፤ የሽማግሌው ቃጭል በሸለቆው የታወቀ ነው። የእሷም ቤት ጣራ ከጸሐይ መብራት በሚያመርት ፓነል የተሸፈነ ነው። በዚያ ሸለቆ መብራት ዋጋው እንደ ሰዓቱ ነው፤ ከአስር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት እሳት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ከጣራህ ወደ መስመሩ የለቀቅኸውን የመብራት ድርጅቱ በዚያው በውድ ዋጋ አስቦ ከሂሳብህ ይቀንስልሃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከአስር በፊት ቤቱን እንደ በረዶ ያቀዘቅዛል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ከዚያ ሁሉን አጥፍቶ በጨለማ ይቀመጣል። ኡርባኖ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይብሱ ነበር። ከከብት እርባታ ዘመናቸው የተረፈች አንዲት የላም ቃጭል ወንበራቸው አጠገብ ሰቅለው ልክ አስር ሰዓት ሲሆን ይደውሏታል። ያን ጊዜ ዴኦሊንዳ ኤሲውን ታጠፋለች፣ የሚሠራውን ማሽን ሁሉ ታቆማለች፣ መጋረጃውን ትዘጋለች። ከዚያም ክፍሏ ገብታ ጋደም ብላ መቁጠሪያዋን ትደግማለች። በባትሪ በሚሠራው ራዲዮ የፖርቱጋልኛው ፕሮግራም ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ሲጀምር ተነስታ እራት ታቀርባለች። እስከዚያ ወንበራቸው ላይ የሚያንቀላፉትን ሽማግሌ መቀስቀስ ክልክል ነው።

«ከቃጭሉ በኋላ ቤት ውስጥ ማን ነበረ?»

«እኔ ብቻ» አለች ዴኦሊንዳ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባት።

ኤሲው ጠፍቶ ክፍሉ ሲግል ስለዋለ ሐኪሙ የሞቱን ሰዓት ከስምንት ተኩል እስከ አስራ አንድ ከማለት አልፎ ማጥበብ አልቻለም። ያጠበበችው ራሷ ዴኦሊንዳ ናት፤ አስር ሰዓት ላይ ቃጭል የደወለ ሰው ከአስር በኋላ ነው የሞተው።

የሟቹ ብቸኛ ልጅ አዴሊኖ በሰማ ጊዜ ከከተማ በርሮ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ለናታሊያ የነገራት ቀጥ ያለ ነበር፤ አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቷል። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አስራ አንድ ሰዓት የመኖ መደብር ውስጥ ነበር፤ ካሜራው ይመስክር። ከእርሻው እስከ መደብሩ በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ በመካከሉ ነዳጅ ቀድቻለሁ አለ። ከዚያ ስለ ዴኦሊንዳ ሲጠየቅ ከንፈሩን መጠጠ።

«ምን ዓይነት አስታማሚ ናት? አባቴ እንዲያ ሲሆን እሷ ጋራዥ ውስጥ ማሽኑን እያስጮኸች ነው። ላም ብታገሳ አትሰማም።»

ጎረቤታቸው ኤርሚኒዮ ደግሞ ሳይጠየቁ ተቆጡ። ጓሯቸው ያለው ባህር ዛፍ ጥላው በፓነሎቹ ላይ እያረፈ ከኡርባኖ ጋር ሁለት ዓመት ተጣልተዋል። ኡርባኖም ዛፉን በፍርድ ቤት ሊያስቆርጡ ዝተው ነበር።

«ለአንድ ጥላ ሰው የምገድል ይመስልሻል?» አሏት ናታሊያን።

«ለጥላ የተገዳደሉ አይቻለሁ፤ ግን ጥላው የሚያርፈው ጠዋት ነው፣ አይደል?»

«ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ ዋጋው ርካሽ ነው ስላቸው ቢሰሙኝ ኖሮ!» አሉ ሽማግሌው፣ ድምጻቸው ተሰበረ። ያን ዕለት ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል የኩላሊት እጥበት ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው።

ናታሊያ ከመሄዷ በፊት ጋራዥ ገባች፤ ዴኦሊንዳም ተከተለቻት። መርማሪዋ እንደ ልማዷ የልብስ ማጠቢያውን ክዳን አነሳች። ውስጡ አረፋው የሞተ የሳሙና ውሃ፣ ውሃው ውስጥም የሟቹ ነጭ ሸሚዝ ነበር።

«የማጠቢያ ቀንሽ ሐሙስ ነው?»

«ሰኞ ነው። ለእሑዱ በዓል የሚለብሱት ሸሚዝ ላይ ወይን ፈሶባቸው ነው። አዴሊኖ መኪናውን አስነስቶ ሲወጣ በመስኮት አየሁት፤ ከዚያ መጥቼ ማሽኑን አስነሳሁ። ሳይጨርስ ቃጭሉ ተደወለ፣ አጠፋሁት። ቀርፋፋ ሆኛለሁ ማለት ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሃምሳ።»

«ሰዓት አላየሽም?»

«ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ሰዓት የሚያይ የለም፤ ቃጭሉ ነው ሰዓታችን።»

ናታሊያ ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው። የቃጭሉ ድምጽ እንዴት ነበር ስትላት ዴኦሊንዳ ወጥመድ መሰላት፤ ቢሆንም መዋሸት አታውቅበትም። የአጎቷ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቃጭሉ ሁልጊዜ ይንጫጫ ነበር። ያን ዕለት ግን ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ጥርት ብሎ ተመታ። ዛሬስ ብርታት አግኝተዋል ብላ ደስ ብሏት ነበር።

«መቁጠሪያስ ስንት ደገምሽ?»

«ሁልጊዜ ሦስት ስጨርስ ራዲዮው ይጀምራል። ያን ቀን አምስተኛው ላይ ነበርኩ። ሙቀቱ ነው ያስረዘመብኝ።»

መርማሪዋ ይህንንም ጽፋ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ክፉ ነበሩ። ማንም ከቤት አትውጪ አላላትም፤ ግን የት ትሂድ? ማታ በሩ ላይ ወንበር ደግፋ ትተኛለች፤ የኮርኒሱ እንጨት ሲንቋቋ ትነሳለች። ገዳዩ ሰው ከሆነ ሊመለስ ይችላል፤ ገዳይ ካልተገኘ ደግሞ እሷ ናት። አዴሊኖ ብቻ በየቀኑ ይመጣላታል። ጣፋጭ ዳቦ ገዝቶ ያመጣል፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እስክትበላ ይጠብቃል። ቅዳሜ ከሰዓት እጇን ያዘና በለሆሳስ አነጋገራት።

«ስሚኝ የአክስቴ ልጅ። አባቴ እንደተሰቃየ ሁላችንም እናውቃለን። ለምኖኝ ነው፣ አዝኜለት ነው ብትይ ዳኛው ያዝንልሻል። ሉዚያንም እኔ አመጣታለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ዴኦሊንዳ ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ያላደረገችውን አድርጌአለሁ ለማለት አሰበች። ፍርሃት ሰውን እዚያ ድረስ ያደርሳል። ከዚያ ግን የሽማግሌው የተከፈተ ዓይን ትዝ አላትና እጇን ከእጁ ሳብ አደረገች።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ናታሊያ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበች። ኤሲው ባለ በሌለ ኃይሉ ያጓራል። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ዴኦሊንዳ ለእሷ የመጣ ስለመሰላት የልጇን ፎቶ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ነበር።

ናታሊያ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይሄ የዚህ ቤት ቆጣሪ መዝገብ ነው» አለች። «በወር የሚመጣላችሁ ቢል ድምሩን ብቻ ነው የሚናገረው። ቆጣሪው ግን በየሩብ ሰዓቱ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ይጽፋል። ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፌ አስመጣሁት።»

አዴሊኖ ፈገግ አለ። «የአባቴን ሳንቲም ልትቆጥሪልን ነው?»

«አባትህ ቆጥረውታል፤ እኔ የማነበው ብቻ ነኝ። ረቡዕን እዩ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ኤሲው እየሠራ ነው፤ ጣራው ያመረተውን ቤቱ ይበላዋል። ልክ አስር ሲሆን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ያለው ሁሉ ወደ መስመሩ ይወጣል። ማክሰኞም እንዲሁ። ስድስት ዓመት እንዲሁ። አሁን ሐሙስን እዩ።» ጣቷን አኖረች። «ቤቱ ጸጥ ያለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»



«አንድ ሰዓት ሙሉ የጣራው መብራት በርካሹ ዋጋ ፈሰሰ፤ ያውም ቤቱ መቀዝቀዝ በሚገባው ሰዓት። ኡርባኖ ቶስቴ ይህን ከሚያደርጉ ወተታቸውን ለድመት ቢያፈሱ ይሻላቸዋል። እኔ ቤት ከአስር በኋላ ማይክሮዌቭ የሚነካ ባሌ ነው፤ ምን እንደሚደርስበት እሱን ጠይቁት። ስለዚህ ቃጭሉን የደወሉት እሳቸው አይደሉም። ዴኦሊንዳ ግን ቃጭል ሲደወል ሰዓት አታይም፤ ታጠፋለች። ልብሱ በሳሙናው ቀረ። ሦስት የነበረው መቁጠሪያ አምስት ሆነ። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ሦስት ጊዜ ጥርት አድርገው ደወሉ ተባለ።»

ኤርሚኒዮ አማተቡ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተዋል ማለት ነው?»

«ጥቂት ቀደም ብሎ። እርስዎ ያን ጊዜ ከእጥበቱ ማሽን ጋር ታስረው ነበር፤ ነርሷ መስክራለች። ዴኦሊንዳ ደግሞ ገዳይ ብትሆን ቃጭሉን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምን ትደውላለች? ያ ቃጭል ወንጀሉን እሷ ላይ ከመጣል በቀር ያደረገው ነገር የለም። የጠቀመው ካሜራ ፊት ሊቆም ለሚጣደፍ ሰው ነው።» ወደ አዴሊኖ ዞረች። «ስምንት ተኩል ላይ ወጣሁ ብለሃል።»

«ወጣሁ። እሷ ራሷ አይታኛለች።»

«አይታሃለች። ከዚያ በኋላ ነው ልብስ ማጠብ የጀመረችው። ያውም የማጠቢያ ቀኗ ባልሆነ ሐሙስ። አንተ ግን በመጀመሪያው ምሽት ጋራዥ ውስጥ ማሽኑን እያስጮኸች ነበር አልከኝ። ማን ነገረህ?»

«እሷ ናታ። ስትደውልልኝ።»

ዴኦሊንዳ ድምጿ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ተናገረች። «አጎቴ ሞቱ፣ ና ብቻ ነው ያልኩህ። ከዚያ በላይ መናገር መች ችዬ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አዴሊኖ የሸሚዙን አንገት ፈታ አደረገ። ናታሊያ ሁለተኛ ወረቀት አወጣች፤ የሽማግሌው ሠላሳ ሄክታር የግጦሽ መሬት በፓነል እንዲሸፈን ለአንድ ድርጅት የተሰጠበት ውል ነበር። ኡርባኖ ጣራዬን እንጂ ሣሬን ለጸሐይ አልሰጥም ማለታቸውን አገር ያውቃል። የድርጅቱ ቀያሾች መሬቱን ሊለኩ የሚመጡት በማግስቱ አርብ ነበር። አርብ ዕለት ሽማግሌው ልጃቸው በስማቸው የፈረመውን ፊርማ ሊያዩ ነበር።

«እዩት ፊርማውን» አለች። «ቀጥ ያለ፣ ያልተንቀጠቀጠ። ቃጭሉን የመታው እጅ ነው። መኪናህን ባህር ዛፉ ጀርባ አቁመህ በጎኑ በር ተመለስክ፤ የማሽኑ ድምጽ ሸፈነልህ። ካሜራውን አሰብክ፣ ነዳጁን አሰብክ። ቃጭል በተደወለ ቁጥር ይህች ልጅ ቤቱን እንደምታጠፋ፣ ቆጣሪውም ያን እንደሚጽፍ ግን አላሰብክም። ኖረህበት አታውቅማ።»

አዴሊኖ ወደ ዴኦሊንዳ ተመለከተ። በዓይኑ ውስጥ ጸጸት አላየችም፤ ያየችው በአንድ አገልጋይ የተሸነፈ ሰው ንዴት ነው። አራት ቀን ሙሉ ከዚህ ዓይን ፊት ለፊት ዳቦ ስትበላ እንደነበር አሁን ገና ገባት። ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

ኤርሚኒዮ ባህር ዛፉን እቆርጠዋለሁ አሉ። ናታሊያም ተዉት፣ ጠዋት ነው ጥላው አለቻቸው። ዴኦሊንዳን ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«በኅዳር ልጅሽን ተቀበያት፤ ስምሽ ከዚህ መዝገብ ወጥቷል» ብላ የወንድ ሰዓቷን አየች። «አስር ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል፣ እኔም ቤቴን ላጥፋ።»

ዴኦሊንዳ ብቻዋን ቀረች። ኤሲው ያጓራል። የለመደችውን ጠበቀች፤ የሚደውል የለም። ፍርሃቱ ያልፋል ብላ ነበር፣ አላለፈም፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ሳትታዘዝ የቆመችበት አስር ሰዓት ይህ የመጀመሪያው ነው። ወደ ጓሮው ክፍል ገባች፣ ባዶው ወንበር አጠገብ ቆመች፣ ቃጭሏን በእጇ ያዘች።

ጥርት አድርጋ ልትደውላት ፈልጋ ነበር። እጇ ግን እየተንቀጠቀጠ አስቸገራት፤ ቃጭሏም ተንጫጫች፣ ልክ እንደ እሳቸው። ዴኦሊንዳ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ሄዳ ኤሲውን አጠፋች።