ከወንፊት በታች የቀረው

ባዝራዋ ጁኒፐር በረቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ግድግዳውን ስትገፋ ግንባሯ ተላልጧል። የአዮዋው ከብት አርቢ ቨርጂል ሁክስትራ ግን ያፈጠጠው ሬሳው ላይ ሳይሆን ሠራተኛው ክሊንት ላይ ነበር።

«ይሄ ነው የገደላት» አለ። «የሻገተ በቆሎ አብልቷት ነው። እስከ ማታ ከግቢዬ ይውጣ።»

ለእንስሳት ሐኪሟ ለዶክተር አርዲስ ኒጋርድ የሰው ጩኸት ማስረጃ አይሆናትም። የባዝራዋን ጭንቅላት ከፍታ ስታይ ነጩ የአንጎል ክፍል እንደ አጥሚት ቀጥኗል።

«ምን ትበላ ነበር?» ስትል ክሊንትን ጠየቀችው።

«ሣርና አጃ። በቆሎ ከእጄ ቀምሳ አታውቅም።»

«ከብቶቹስ?»

«እነሱ ዘንድ አልደርስም። ጋሼ ከራሳቸው እጅ በቀር አያምኑም።»

«ውሸታም!» አለ ቨርጂል።

«አባባ፣ እስቲ ዝም በል» አለች የባዝራዋ ባለቤት፣ የልጅ ልጁ ኬንድራ። ዓይኗ አብጧል።

አርዲስ የባዝራዋን ባልዲ አሸተተች። ጎተራውንና የከብቶቹን ገንዳ አይታ ስትመለስ ሦስቱንም በረቱ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው።

«የገደላት ፉዛሪየም የሚባለው የበቆሎ ፈንገስ መርዝ ነው። ሴል ሽፋኑን የሚሠራበት ስፊንጎሊፒድ የሚባል ቅባት አለ። መርዙ የዚያን ቅባት ጥሬ ዕቃ ስለሚመስል ሴሉ ይታለላል፤ ቅባቱን መሥራት ያቅተዋል። የፈረስ አንጎል ይህን አይችለውም።»

«የኔ በቆሎ ንጹሕ ነው» አለ ቨርጂል።

«ፍሬው ንጹሕ ነው። መርዙ የሚበዛው ከወንፊት በታች በሚቀረው ስብርባሪ ላይ ነው፤ ሻጋታው ባይታይም። ፈረስ ደግሞ አቧራማ መኖ ስለማይወድ አንድ ሰው በሞላሰስ፣ በጣፋጩ የስኳር ዝቃጭ፣ ለውሶ ሰጥቷታል። ባልዲው ሥር ያገኘሁትም፣ ከብቶችዎ ገንዳ ውስጥ ያለውም ያው ነው። ያንን የሚለውሰው ማነው?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። የቨርጂል ፊት ዐመድ መሰለ።

«ከስታብኝ ነበር» አለ። «ከብቶቼ ይሄንኑ በልተው ነው የወፈሩት። ለሳምንታት ከሰዓት ከሰዓት እየወሰድኩ በእጄ ነው ያበላኋት።»

«ከብት ይችለዋል» አለች አርዲስ።

ኬንድራ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ቤት ገባች። ክሊንት ሻንጣውን አነሳ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ መንገድ ዘጋበት። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ከነገ ጀምሮ ከብቶቹን አንተ አብላቸው» አለው።

ክሊንት በዚያ ቤት ባሳለፈው ዘመን ሁሉ «እርስዎ» ሲለው ነበር።

«ራስህ አብላ» አለውና ሄደ።