ቀስ በሉና የጠፋው ምልክት

ማሽኑን በገዛ እጁ ቆልፎ የገባ ሰው፣ ማን ከፈተበት?

መርማሪዋ ወደ ዳቦ ፋብሪካው ስትጠራ ይህን የሚመልስላት አልነበረም። መካኒኩ ትልቁ ማቡኪያ ውስጥ ገብቶ ብሎን ሲያጠብቅ ማሽኑ ተነሥቶበት ሞቷል። ጥንቃቄ ስለሚያበዛ ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ከመግባቱ በፊት በስልኩ የማሽኑ መረጃ ላይ «አትንኩ» የሚል ምልክት አድርጓል። ያ ምልክት ካለ ማሽኑ አይነሣም።

የፈረቃ ኃላፊዋ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራ ተቀምጣለች። በሩ ላይ ፖሊስ ይጠብቃታል።

«ምልክቱን አነሣሽው?»

«ኧረ በልጆቼ! ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሆኜ የዱቄቱን መጠን ብቻ ቀይሬ ማስነሻውን ተጫንኩ። ምልክት ቢኖር እምቢ ይለኝ ነበር።»

«ሰውየውን አላየሽውም?»

«ማቡኪያው ከግድግዳው ወዲያ ነው እኮ! በምን ዓይኔ?» ድምጿ ወረደ። «ጣቱ ግን የኔ ነው።»

ቀጥሎ የገባው ፕሮግራመሩ፣ የሟች ሚስት ወንድም ነው። የፋብሪካው መረጃ በብዙ ሰርቨሮች ተበታትኖ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሮቹ እዚያ የሚያነቡበትንና የሚጽፉበትን ኮድ የሠራው እሱ ነው።

«ኮድህ ምልክት ሊያጠፋ ይችላል?»

«ኮድ ያዘዙትን ነው የሚሠራው፣ እትዬ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

ፕሮግራመሩ ተነሥቶ ወጣ።

መርማሪዋ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ዞራ አየች። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የመስመር ስልኩ ሁሉ ዱቄት ለብሷል። የኮምፒውተሩ ቁልፎች ግን ንጹሕ ናቸው።

«ከአደጋው ወዲህ ማን ገባ?» አለችው ጥበቃውን።

«ማንም። የሟች አማች ብቻ። ብቻዬን ላልቅስ ሲለኝ እንዴት ልከልክለው?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ሥራ አስኪያጁን፣ የፈረቃ ኃላፊዋን፣ ፕሮግራመሩንና ሐዘንተኛ እህቱን። በሟቹ ስልክ «አትንኩ» አደረገች። ኃላፊዋ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር የዱቄቱን መጠን ቀየረች። ምልክቱ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምልክቱ በራሱ አይጠፋም፤ ዋሽታናለች!»

ኃላፊዋ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ደግማ አየች።

«ቀስ በሉ» አለች መርማሪዋ። ሚስትየው የባሏን ስም የሰማች ያህል ደነገጠች። «አሁን ደግሞ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ቀይሪው።»

ኃላፊዋ ቀየረች። ምልክቱ ጠፋ።

«የእያንዳንዱ ማሽን መረጃ እንደ ጓዝ አንድ ላይ ታስሮ ነው የሚላከው» አለች መርማሪዋ። «‹አትንኩ› የመጣው በቅርቡ ከወጣው አዲስ አስተሳሰር ጋር ነው፤ ስልኩ ያውቀዋል። ኮምፒውተሮቹ ላይ የቀረው አሮጌው ኮድ ግን ጓዙን ፈትቶ የሚያውቀውን ያነሣል፣ የማያውቀውን ጥሎ መልሶ ያስራል። እሷ ዱቄቱን ስትቀይር ጓዙ በሙሉ እንደገና ታሰረ፤ ምልክቱ ሜዳ ላይ ቀረ። ሟቹ ቆልፏል፤ እሷም አልዋሸችም።»

«ታዲያ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር አሁን ለምን አልጣለውም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከአደጋው በኋላ ኮዱ ስለታደሰ። ሊያለቅስ የገባው ሰው የቁልፎቹን ዱቄት በጣቶቹ ጠረገው። ግምጃ ቤቱን ረሳው።» ወደ ፕሮግራመሩ ዞረች። «ኮዱ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ለምን አይጮህም?»

«ይጮህ ነበር። ሥራ አስቆመብን ተብዬ…» ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አፉን ዘጋሁት። ነገ አስተካክለዋለሁ እያልኩ።»

«እሷ ስትታሰርስ ለምን አልተናገርክም?»

ፕሮግራመሩ ወደ እህቱ ዞረ። «እህትዓለም፣ ከሞተ በኋላ ነው የገባኝ። በፊት ባውቅ…»

መርማሪዋ ስልኩን ለሚስትየው ሰጠቻት። የመጨረሻው መልእክት በሞተበት ጠዋት ለወንድሟ የተላከ ነው። መነበቡንም ያሳያል።

«አማቼ፣ ትናንት ‹አትንኩ› ያልኩት ምልክት ማንም ሳያነሣው ጠፍቶ አገኘሁት። ዛሬ ውስጥ ልገባ ነው። ችግር ካለው ንገረኝ፤ ዝም ካልከኝ ደህና ነው ብዬ እገባለሁ።»

ከሥሩ ባዶ ነው።