የሚገፋው ወንበር

ሁለት ክፍል ብቻ ያላት፣ ግን ሳቅ የማይጠፋባት ቤት ነበረች። አባወራው ሊፍት ጠጋኝ ነው። በየፎቁ እየዞረ የቆመ ሊፍት ሲያስነሳ ስለሚውልና ኪሱ ከብሎን ስለማይለይ የሥራ ጓደኞቹ “ብሎን” ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙም ተከትሎት ቤት ገባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መስኮቱ ሥር ባለችው፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰፈሩን ቀሚስ ስታጠብብ፣ ሱሪ ስታሳጥር፣ ዚፕ ስትቀይር ትውላለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ትንሽ ስለሆነች ሚጢጢ ይሏታል፣ እሷ ግን ትንሽ መባሉን አትወደውም። ብሎን ማታ ሲመለስ ገና ደረጃው ላይ ሳለ የመኪናዋን ድምፅ ይሰማና “ቤቴ በሰላም ውሏል” ይል ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለች ቤት ምን አጠፋች? ማንን በደለች? እኔ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

አንድ ቀን ብሎን አንድ የቆመ ሊፍት ሊጠግን ሊፍቱ በሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ መሰላል ላይ እንዳለ እግሩ ከዳው። ነፍሱ ተረፈች፤ ጭኑና ጉልበቱ ግን እንዳልነበሩ ሆኑ። ብረት ገባለት፣ ተሰፋ፣ ተጠቀለለ። ከዚያ ወዲያ ኑሮው በሁለት ክራንች ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ። ሐኪሞቹ “ትድናለህ፣ ጊዜ ስጠው” ብለውታል። ግን እጁ ሥራ የለመደ ሰው ተቀምጦ መዋል እንዴት ይሆንለታል? ሚስቱ ውሃ ስታቀብለው ዓይኗን ማየት ያፍራል። “እስከ መቼ ትሸከመኛለች? አንድ ቀን ይሰለቻትና ጥላኝ ትሄዳለች” ይላል በሆዱ። ይህቺ ሐሳብ አንዴ ከገባች በኋላ እንቅልፍ ነሳችው።

ግራ የሚያጋባው ነገር የጀመረው ያኔ ነው። የስፌት መኪናዋ ድምፅ መጀመሪያ መቆራረጥ ጀመረ፤ ቆይቶ ጭራሽ ዝም አለ። “ምነው?” ሲላት፣

“ተበላሽታለች መሰለኝ። አልዞር አለችኝ” አለችው።

ብሎን ምን ያህል ደስ እንዳለው! ለካ ይህ ቤት አሁንም እሱን የሚፈልግበት ጉዳይ አለ! መኪናዋን አስጠግቶ ፈታታት፣ ጠረጋት፣ ዘይት ቀባት፣ ጠፍሯን አጠበቀ። በእጁ ሲያዞራት ያለ አንዳች ችግር ትሮጣለች። “በይ አሁን ስፊ” አላት ኮራ ብሎ። ተቀመጠች። ትንሽ ሞካከረችና ተነሳች። “ያው ናት” አለች ፊቷን አዙራ። ብሎን እንደገና ፈታት፣ እንደገና ምንም እንከን አጣባት። ስንቱን ሊፍት ሲያስነሳ የኖረ ሰው አንዲት የስፌት መኪና ታሸንፈው? ወይስ መኪናዋ ደህና ናት፣ ሚስቱ ናት ለእሱ መሥራት የደከማት? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስበው ስለ መኪናዋ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሚስቱ ሆነ።

ሌላም ሌላም መጣ። ከሰዓት ከሰዓት “ክር ልግዛ” ብላ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ክር የለም። ቤት ውስጥ ስትሄድ ደግሞ ግድግዳ ግድግዳውን ሆነች። ድሮ ባጠገቡ ስታልፍ ፀጉሩን በታትና ሳትስቅ አታልፍም ነበር፤ አሁን ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእሱ ርቃ፣ እጇን ግድግዳው ላይ እየጎተተች ታልፋለች። እሱ የምትሸሸው መሰለው። ምን ይምሰለው ታዲያ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ይመስላችሁ ነበር?

ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው መጣችና “ወንድምዬ፣ እኔ እንደምታውቀኝ ነገር መዝራት አልወድም” ብላ ነገሯን ዘርታ ሄደች። “ከሰዓት ከሰዓት የምትሄደው ወዴት ነው? ልብስ አልያዘች፣ ክር አልያዘች። ልጅ ናት፣ መልክ አላት። አንተ ደግሞ ይኸው እንደምታየው ነህ። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።”

በዚያው ሰሞን ሚስቱ ድንገት፣ “ቅዳሜ መዝናኛ ፓርክ እንሄዳለን” አለች። ለሚጢጢ ድሮ ቃል ገብተውላት የነበረ፣ እሱ ሲወድቅ የተረሳ ጉዳይ ነው።

“በዚህ እግሬ? ትንሽ ይሻለኝና እንሄዳለን።”

“አይሆንም። አሁን ነው።”

“ምን አስቸኮለሽ?”

“ልጅቷ እያደገች ነው” አለችና የማይፈለግ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

እህቱ ይህን በስልክ ስትሰማ፣ “መሰናበቻ እንዳይሆን ብቻ” አለች። ብሎን ስልኩን ዘግቶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ። መሰናበቻ! ለልጅቷ አንድ ጥሩ ቀን ሰጥታ ልትሄድ ነዋ! እንግዲያው ያቺን ቀን ሸክም እንዳልሆንኩ አሳያታለሁ፣ ተደግፌባት ሳይሆን ራሴን ችዬ ታየኛለች፣ ልቧም ይመለሳል ብሎ ወሰነ። ምስኪን ሰው፣ ያለው ዕቅድ ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ጧት ፓርኩ በር ላይ ደረሱ። ከበሩ አጠገብ ዕቃ የምታከራይ ልጅ ያለችበት መስኮት አለ። ልጅቷ የብሎንን ክራንች አየችና ራሷን ነቀነቀች።

“ጋሼ፣ ውስጡ ሰፊ ነው፣ ዳገትም አለው። በክራንች አይዘልቁትም፤ ብብትዎ ይላጣል። ሌላ ነገር ይውሰዱ።” ከኋላዋ የተደረደሩትን በእጇ አሳየችው። ከዘራ አለ፤ ለእሱ እግር አይበቃም። እያነሱ ወደፊት የሚያስቀምጡት ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ አለ፤ እሱን ሲያይ “ይኼ የሽማግሌ ነው” ብሎ ፊቱን አዞረ። ከኋላ ሰው የሚገፋው ተራ ዊልቸር አለ። ከሁሉም ጥግ ደግሞ በጣት የሚነዳ፣ ባትሪ ያለው ወንበር ቆሟል።

ብሎን ባትሪውን ሲያይ ዓይኑ በራ። “እሱን ስጪኝ።”

“የሚገፋውን እንውሰድ” አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ።

“ለምን? በራሱ የሚሄድ እያለ?”

“እኔ ልግፋህ።”

“ዳገት ነው ስትልሽ አልሰማሽም? ያንቺን ጉልበት ለምን እጨርሳለሁ? ዛሬ እንኳን እረፊ።”

“ማረፍ አልፈልግም። እባክህ፣ የሚገፋውን ውሰድልኝ።” እጇ የተራውን ዊልቸር መግፊያ ከመቼው እንደያዘ እንጃ፣ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጣዋለች።

ብሎን ነገሩ ዞረበት። አካልን የሚያሳርፍ ነገር እያለ ሙሉ ሰው ልግፋ ብሎ መለመን ምን የሚሉት ነው? ሰው ሁሉ “ወይ ይቺ ሚስት፣ ባሏን ተሸክማ!” እንዲላት ነው? ወይስ ከመሄዷ በፊት ጥፋቷን ልትክስ? ሁለቱም አንገበገበው። “ባትሪ ያለውን” አለ ለአከራይዋ ቆጣ ብሎ። ሚስቱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመግፊያው አላቀቀች። ወደፊት ሁሉን ሲያስታውስ ሁልጊዜ የሚመጡበት እነዚያ ጣቶች ናቸው።

ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ሚጢጢ አባቷ ጭን ላይ፣ በደህናው እግሩ በኩል ተቀመጠችና “አባዬ ፈጠን በል!” እያለች ሳቀች። ብሎን ከወደቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሆነ መሰለው። የሚሽከረከሩትን ፈረሶች አለፉ፣ ትንሿን ባቡር አለፉ፣ ዳገቱን ወጡ። “እይኝ እንግዲህ፣ ማንም አልገፋኝም” ሊል ዞር ሲል ሚስቱ የለችም።

ከዳገቱ ሥር ናት። የብረት አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እጁን አወዛወዘላት፤ አልመጣችም። አኮረፈች አለ በሆዱ። ትንሽ ቆይቶ ሲያይ አንድ ሰው ቀርቦ አናገራት። ጃኬት የለበሰ፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ወንድ። ሰውየው ክንዱን ዘረጋላት። እሷም… ያዘችው! የባሏ ዓይን እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የማታውቀውን ሰው ክንድ ይዛ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ወይስ ታውቀዋለች? ክር የሚገዛው ከእሱ ዘንድ ነበር? ብሎን ወንበሩን አዙሮ ቁልቁል ነዳው።

ፊት ለፊት ሲገናኙ ፊቱ ሁሉን ተናገረ። ሚስቱ ፊቱን አየች። የሰውየውንም ክንድ አየች። ለቀቀችው። አንድ እርምጃ ወደ ባሏ ተራመደች፣ ጉልበቷም ታጠፈና በግንባሯ መሬት ላይ ወደቀች።

“እማዬ!” አለች ሚጢጢ።

ያ የማያውቁት ሰው ተደናግጦ አነሳት። “ወንድሜ፣ እግሯ አልታዘዝ ብሏት አጥር ይዛ ቆማ ሳያት እኮ ነው ልርዳሽ ያልኳት” አለ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ሚጢጢን ይዞ ውሃ ሊያመጣ ሄደ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ብሎን ከግንባሯ የሚወርደውን ደም በእጅጌው ጠረገ።

“ምንድን ነው? ምን ሆነሻል?”

“እግሬን የሚያዘው ነርቭ እየሞተ ነው አሉኝ። መድኃኒት የለውም። ቀስ እያለ ወደ እጄ፣ ከዚያ ወደ ትንፋሼ ይወጣል አሉ።” ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ረጋ ብላ ነው የነገረችው። “ከሰዓት የምሄደው ሐኪም ቤት ነበር።”

ብሎን ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ወረደበት። የስፌት መኪናዋን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ድረስ ፈትቷት ነበር፤ መርገጫዋን የሚረግጠውን እግር ግን አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ብሎ አላየም። ግድግዳ ግድግዳውን ስትሄድ ግድግዳው ደግፏት እንጂ እሱን ሸሽታ አልነበረም። ለመቆሚያ አንዲት መያዣ ስትለምነው ደግሞ እሱ በገዛ አፉ “እረፊ” ብሎ ነጠቃት። ወይ ጉድ! ሰው እንዴት በፍቅርም በኩራትም ባንድ ጊዜ ይበድላል?

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ልበልህ? አንተ ወድቀህ፣ እኔም ወደቅሁ ልበልህ? ሚጢጢን ማን ያነሳታል?” አሁን እንባዋ መጣ። “አንተ እስክትቆም ልደብቀው ነበር። ወንበርህን እየገፋሁ ቢሆን እስከ ማታ እቆም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የፈለግሁት። ልጄ ስታድግ፣ እማዬ አንድ ቀን ሙሉ አብራኝ ተራመደች እንድትል።”

“እኔ ደግሞ ልትተዪኝ ነው ብዬ…” አለ።

“የት ልሄድ?” አለችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፀጉሩን በታተነችው።

ብሎን ባትሪ ያለውን ወንበር እየነዳ ወደ አከራይዋ ተመለሰ። “የሚገፋውን ስጪኝ” አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። መስኮቱ ጋ ትቶት የነበረውን ክራንቹን ወንበሩ ላይ አጋደመና ሁለቱን መግፊያዎች ያዘ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛ ጨመረ። ወንበሩ ክብደቱን ተቀብሎለት፣ የተሰበረው እግሩ ከተጠበቀው በላይ ቻለ። ያኔ ነው ምን እንደለመነችው በእጁ መዳፍ የገባው። እያለቀሰ እስከ አግዳሚው ድረስ ገፋው። ሚስቱን አስቀመጣት፣ ሚጢጢን ጭኗ ላይ አስቀመጠ። ዳገቱን ብቻውን አልወጣውም፤ ያ እንግዳ ሰው ከጎኑ ሆኖ አብሮት ገፋ። ከዳገቱ በላይ ወዳለው፣ ሰው አሳፍሮ እየዞረ ሰማይ ድረስ ወደሚያወጣው ግዙፍ ጎማ ደረሱና ሦስቱም አብረው ወጡ። ከላይ ሆነው ሚስቱ ቤታቸውን በጣቷ ስትፈልግ ቆየች፤ ሚጢጢ ናት ያገኘችላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት ይከብዳል። የብሎን እግር ሲድን የእሷ ከዳ። እሱ ክራንቹን ሲጥል የእሷ እጅ መርፌ መያዝ አቃተው። ታላቅ እህቱ መጥታ እግሯ ሥር ተንበርክካ አለቀሰች፤ እሷም “ተነሽ እትዬ፣ ባይሆን ፀጉሬን አበጥሪልኝ” አለቻት። ብሎን ያጥባታል፣ ያጎርሳታል፣ ያገላብጣታል። አንድ ቀን ጧት ብርሃኑ በመስኮቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ሲያርፍ፣ እጇ እጁ ውስጥ እንዳለ፣ ትንፋሿ ቆመ።

ጊዜ ሄደ። ሚጢጢ ማንም ትንሽ የማይላት ልጅ ሆነች። አንድ ቅዳሜ “አባዬ፣ ፓርኩ እንሂድ” አለችው፤ ሄዱ። ብሎን ያለ ምንም መደገፊያ ቀጥ ብሎ በሩ ጋ ደረሰና እዚያው ቆመ። እግሩ ደህና ነው፤ ግን አልራመድ አለው። ሚጢጢ አባቷን አየችው፣ ወደ መስኮቱም ሄደች።

“የሚገፋውን ስጪን” አለች።

“ለማን ነው?” አለች አከራይዋ፤ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ቢታዩዋት ግራ ገብቷት።

“ለአባዬ። መያዣ ይፈልጋል።”

ብሎን መግፊያዎቹን ያዘ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ እሱ ግን ዳገት ዳገቱን ቀስ እያለ፣ እንዳይንገጫገጭ እየተጠነቀቀ ገፋው። የሚያየው ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ፤ ልጁ ግን ከጎኑ እየሄደች አንዱን መግፊያ አብራው ያዘች። ዕድል ከሰው ላይ የሚወስደውን ሳይመርጥ ይወስዳል፤ መቼ አስፈቅዶ ያውቃል? የሚተወውንም እንዲሁ ነው የሚተወው። ለብሎን የተወለት እነዚህን ሁለት መያዣዎችና ከጎኑ የምትራመደውን ልጅ ነው። እስከ ማታ አብረው ተራመዱ።