ከቫዮሊኖቹ በፊት የምትሰማው ትንፋሽ

«ኤጭ! ይሄ ሰውዬ መሃረብ የለውም እንዴ?» ብላ የድምፅ ባለሙያዋ የጆሮ ማዳመጫዋን ወረወረችው።

«ነበረው» አለ ከኋላዋ የወንድ ድምፅ። «አባቴ ነው።»

ዞር ስትል ቫዮሊን በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምንኛ በወደደች!

ሥራዋ የድሮ የኦርኬስትራ ቅጂዎችን አጥርቶ ለዘመኑ ባለከፍተኛ ጥራት ማጫወቻዎች ማዘጋጀት ነው። ጣጣው ምን መሰላችሁ? ድምፁ በጠራ ቁጥር ጉዱም አብሮ ይወጣል። የመለከት ነፊው ምራቅ ሲንቦጫረቅ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ... ከሁሉ የከፋው ግን ቫዮሊኖቹን የሚመራው የፊተኛው ተጫዋች አፍንጫ ነበር። ዜማው ሊጀመር ሲል ሁሌ «ህፍፍ!» ያደርጋል። እሷን ደግሞ ሥራው አበላሽቷታል፤ ሰው ሲያኝክ፣ ሲውጥ፣ ሲተነፍስ መስማት ይዘገንናታል።

«አንቺ ልጅ፣ የማይተነፍስ ባል ከፈለግሽ መቃብር ቤት ሂጂ!» ትላታለች ታላቅ እህቷ።

ባለቫዮሊኑ ሰውዬ የሟች አባቱን ወንበር የወረሰ፣ የዛሬው ኦርኬስትራ ፊተኛ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ሥራዋን እንዲያዳምጥ ተልኮ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ። ወደደችው፤ ምን ይደረግ! ግን የአባቱ ልጅ አይደል?

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር...» አለና «ህፍፍ!» አደረገ። ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች።

«አስጠላሁሽ እንዴ?»

«አንተ ሳትሆን... አፍንጫህ!» አመለጣት።

ጥያቄውን ዋጠው።

እሷም ልትክሰው ብላ የአባቱን «ህፍፍ» ሁሉ ከቅጂው ቆርጣ አወጣች። እንደ ታጠበ ሳህን አጽድታ አሰማችው። ደስ የሚለው መስሏት!

ፊቱ ጠቆረ። «አባቴንም ጠረግሽው» ብሎ ቫዮሊኑን አንስቶ ወጣ። ብትደውል አላነሳም።

«ለንፍጥ ይሄ ሁሉ ኩርፊያ?» እያለች በንዴት ሁለቱን ቅጂዎች አከታትላ ከፈተች። በጸዳው ላይ ቫዮሊኖቹ ከየት መጡ ሳይባል ዱብ ይላሉ። ባልተነካው ላይ ግን «ህፍፍ!»... ሁሉም እንደ አንድ ሰው ይነሳሉ። ደግማ ሰማች። ለካ ሰውየው ንፍጡን አይደለም የሚስበው! «ተዘጋጁ... ግቡ!» እያላቸው ነው። እጁ በቫዮሊንና በቀስት ተይዞ በምን ይንገራቸው?

«ወይኔ! ምን አደረግኩ!» አለች። ያን ቀን የቀፈፋት የራሷ ጆሮ ነበር።

የቆረጠችውን ሁሉ ወደ ቦታው መለሰችና መልእክት ላከችለት። «አባትህን መልሻቸዋለሁ። መጥተህ ስማ።»

መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «ህፍፍ!» ሲል አባቱን ሰማና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አሁንስ የእውነት ንፍጥ መጣ! ቀፈፋት፤ ምን ልዋሻችሁ። ቢሆንም የራሷን መሃረብ ሰጠችው።

አፍንጫውን ጠርጎ ቀና አለ። ዓይኗን እያየ... «ህፍፍ!»

«እሺ፣ አገባሃለሁ!» አለች።

«እንዴ! ገና ምን ተናገርኩና?»

«ትንፋሽህን ሰማሁት፤ እሱ ይበቃኛል። ብቻ ስታኝክ አፍህን ግጠም!»